ያኔት ሰላም ያጣችበት ጉዞ

በሜልበርን፣ በፍሌሚንግተን ፎቆች አካባቢ በሚኖሩ አማኞች ዘንድ ክርክር የማይነሣባት አንዲት ቃል አለች። «ጸልዬበት ነበር፤ ሰላም አላገኘሁበትም» ይላል ሰውዬው፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ሚዜ ሁነኝ ቢሉት፣ መኪናዬን ግዛኝ ቢሉት፣ ቤት አብረን እንከራይ ቢሉት፣ ሰላም አላገኘሁበትም ካለ ለምን ብሎ የሚሞግተው የለም። ማንን ይሞግታል? እግዚአብሔርን ነው እንዴ? እውነተኞቹ ከልባቸው ይሏታል፤ የቀሩት ደግሞ «አልፈልግም» ማለት ሲያፍሩ ይሏታል። ሁለቱን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ግን እስካሁን የተፈጠረ አይመስለኝም።

ዋጋዬ ከእውነተኞቹ ወገን ነበረች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የማለዳ ሺፍት ትሠራለች፤ ከሬስኮርስ ሮድ አጠገብ ካሉት ፎቆች ባንዱ ብቻዋን ትኖራለች። ጾሙም ጸሎቱም አይከብዳትም። የሚጎድለኝ ጆሮ ነው ትላለች። «እኔ መጠየቅ እንጂ መስማት አልተሰጠኝም» ትላለች እየሳቀች። የምትሰማላት ያኔት ነበረች።

ሁለቱ ሜልበርን የገቡት ባንድ ወቅት ነው። ከተማ ውስጥ ቢሮ አብረው ሲያጸዱ፣ አንዷ ቫኪዩሙን ስትገፋ ሌላዋ የቆሻሻ ቅርጫት ስትገለብጥ፣ ባንድ መዝሙር ተቀባብለው ተዋወቁ። ኋላ ያኔት ተማረችና የሒሳብ ባለሙያ ሆነች። ባጸዳችው ዓይነት ቢሮ ውስጥ ተቀመጠች፤ አለባበሷ ተለወጠ፣ ወዳጆቿም ተለወጡ። የረቡዕ ጸሎታቸው ግን አልተለወጠም። በየረቡዑ ያኔት ወደ ዋጋዬ ቤት ትመጣለች፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጸልያሉ፤ ዋጋዬ የከበዳትን ታወራለች፣ ያኔት ይዛው ትሄድና በሳምንቱ መልሱን ይዛ ትመለሳለች። ዋጋዬ አንድም ቀን መልሱ እንዴት እንደመጣ ጠይቃት አታውቅም።

ታዲያ እንዲህ ያለችውን ሴት ከጥንቱ የማያ ሕዝብ ከተማ ፍርስራሽ ጋር ምን አገናኛት ትሉኝ ይሆናል። ያገናኟት ዶሮቲ ናቸው። ዶሮቲ ዋጋዬ በየማለዳው የምታጥባቸው ባልቴት ነበሩ፤ ሌላውን ሁሉ ረስተው ፓሌንኬን ያልረሱ። በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ሜክሲኮ ሄደው፣ ግማሹን ጫካ የዋጠውን ያን የድንጋይ ከተማ አይተዋል። ጎሕ ሲቀድ አንበሳ መጣብን ብለው ሲንቀጠቀጡ የሚያገሡት ዛፍ ላይ ያሉ ጦጣዎች ሆነው መገኘታቸውን፣ ዋጋዬ ጀርባቸውን በሳሙና እያሸች ስንት ጊዜ ሰማች። ሰሚ ያጣ ሽማግሌ ሰሚ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ዶሮቲ ሲሞቱ ልጃቸው ትልቁን የፎቶ መጽሐፍ ለዋጋዬ ሰጠቻት።

ከዚያ ወዲያ ዋጋዬ ሌላ ሰው ሆነች። ትራም ላይ ስለ ፓሌንኬ ታነባለች፣ ሳህን ስታጥብ ስለ ፓሌንኬ ትሰማለች። ፓካል የሚባለው ንጉሥ ገና ልጅ ሳለ መንገሡን አወቀች። የከተማው ሰዎች ወንዙን በድንጋይ ቦይ ሸፍነው ከቤተ መንግሥቱ ሥር እንዲያልፍ ማድረጋቸውን አወቀች። የንጉሡን መቃብር ያገኙት ሰዎች በቤተ መቅደሱ ውስጥ ወደ ታች የሚወርደውን ደረጃ ከተሞላበት ፍርስራሽ ለማጽዳት ዓመታት እንደፈጀባቸው ስታነብ፣ የጽዳት ሠራተኛ ነበረችና አዘነችላቸው። እስከ ዛሬ ለመድኃኒት፣ ለዘመድ፣ ለኪራይ ስትጨነቅ የኖረች ሴት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ብቻ የሚሆን ነገር ፈለገች። ድንጋዩን በእጇ መንካት።

ለያኔት ነገረቻት። ያኔት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ጠየቀች፣ ቀጥላ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ዋጋዬ መንገዱን አንድ በአንድ አሰናዳች። ወደ ፍርስራሹ የሚገቡት በማለዳ ነው፣ ጦጣዎቹ ማግሣት ሳይተዉ። ከዚያ ሚሶል ሃ የሚባለው ፏፏቴ፤ ከውኃው ጀርባ በቀጭኗ መንገድ ሲያልፉ ዋሻ አለ። ከዚያ አጉዋ አዙል፣ ሰማያዊው ውኃ። «በዝናብ ወቅት ከሄድን ጭቃ ያደፈርሰዋል፤ ቡናማ ሆኖ ነው የሚጠብቀን» ብላ በጋውን የመረጠችው እሷ ናት። ስለ ፓካልም ረቡዕ ረቡዕ ከጸሎት በኋላ ታስረዳታለች። «ኢዮስያስ በስምንት ዓመቱ ነገሠ፣ ይኼኛው ደግሞ በአሥራ ሁለት። የልጅ ንጉሥ የትም አገር አለ» ትላት ነበር።

ትልቅ ነገር ያለ ጸሎት አይደረግምና ሁለቱም ሦስት ቀን ሊጾሙ ተስማሙ። በሦስተኛው ቀን ዋጋዬ ከሥራ ስትወጣ ያኔት ደወለች።

«ዋግዬ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም» አለች፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ።

«ንገሪኛ።»

«ሰላም አላገኘሁበትም። ደጋግሜ ነው የጠየቅሁት። በተለይ ስለ አንቺ አንድ ነገር ይከብደኛል። ጌታ ከሆነ ነገር እየጠበቀሽ ይመስለኛል።»

ዋጋዬ ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ አመሰገነቻት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አመሰገነቻት። «ተባረኪ የኔ እህት፣ አንቺ ባትኖሪልኝ ምን እሆን ነበር» አለች። በማግስቱ ከሥራ የጠየቀችውን የዓመት ፈቃድ ካንስል አደረገች፤ መጽሐፉንም ዓይኗ እንዳይገባ ብላ አልጋ ሥር ከተተችው።

ያኔት ከወራት በኋላ «እህቴን ልጠይቅ ቶሮንቶ ደርሼ ልምጣ» ብላ ሄደች። ዋጋዬ ጸልያ ሸኘቻት። በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ፣ ጉዞው ይሆንበት በነበረው ሳምንት፣ ዋጋዬ በጉባኤው ፊት ቆማ ምስክርነት ሰጠች። «በዚህ ሳምንት ሩቅ አገር መሆን ነበረብኝ። ጌታ ግን ከማላውቀው አደጋ ጠብቆኛል» አለች። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ፤ አንዲት እናት እልል አሉ። ዋጋዬ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ልቧ ሞልቶ ነበር። ያጣችውን ነገር ለእግዚአብሔር መልሳ የሰጠች መስሏት ነበር፣ ምስኪን።

ከሁለት እሑድ በኋላ ሀሴት አገኘቻት። ሀሴት ካርልተን የምትኖር ወጣት ኢንጂነር ናት፤ ከባሏ ከእዩ ጋር በሙያ ቪዛ መጥተው ቤተ ክርስቲያኑን ከተቀላቀሉ ገና ነው። ከያኔት ጋር በቅርብ ይዋደዳሉ፤ ከዋጋዬ ጋር ግን ከሰላምታ የዘለለ ትውውቅ የላቸውም።

«እህት ዋጋዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ?» አለቻት።

«የምን ጉልበት?»

«ያኔት ነግራን እኮ ነው። ሐኪሙ ረጅም ፍላይትና ደረጃ መውጣት ከለከላት አለችን። እንዴት እንዳዘንን። እኔማ አብረሽን ትመጫለሽ ብዬ ነበር።»

«የት ነው የምመጣው?»

«ፓሌንኬ ነዋ፣ ከያኔት ጋር የሄድንበት» አለች ሀሴት፣ እየሳቀች።

ያኔት በእርግጥ ሀሴትን ዝም በይ ማለት ነበረባት። ግን ዝም በይ ብትላት ለምን ልትባል ነው፤ የውሸት ችግሩ ይኸው ነው፣ ጠባቂ ሊያቆሙለት አይመችም። ደግሞ ዋጋዬና ሀሴት ቆመው ያወራሉ ብላ አላሰበችም።

ዋጋዬ ጉልበቷን በእጇ ነካች፤ ምንም የሌለበትን ጉልበት። ለሀሴት «ሐኪም ከለከላት»፤ ለእሷ ለራሷ ደግሞ «እግዚአብሔር ከለከለሽ» ተብሏል። ፊቷ ላይ ምን እንደታየ አታውቅም፤ «አሁን ደህና ነኝ» ብላ መለሰች። ሀሴትም ደስ አላትና «እንግዲያው ቅዳሜ ቤት ነዪ፣ ቪዲዮውን እናሳይሽ። ያኔት እህቷ ጋ ቀርታለች እንጂ አብረን እናየው ነበር» አለቻት።

ዋጋዬ ሄደች። ለምን ሄደች ብትሉ፣ ምላስ የታመመውን ጥርስ መነካካት አይተውም። ከሁለት ትራም ወርዳ፣ ብርቱካን ገዝታ፣ የካርልተኑን አፓርትመንት ደወል ደወለች። እዩ ሻይ አቀረበና ትልቁን ቴሌቪዥን ከፈተ።

መጀመሪያ የመጣው ጭጋግ ነው። ከጭጋጉ ውስጥ ግራጫ ደረጃ ወጣ፣ ከደረጃው በላይ ቤተ መቅደሱ፣ ከጀርባው ጥቅጥቅ ያለው ጫካ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ ዶሮቲ ያሉት ግሣት። ዋጋዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ለቅጽበት ክዳቱንም ያኔትንም ረሳች፤ እዚያው ናት፤ ጤዛው እግሯን አርሷታል። ቀጥሎ ቀይ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ከዛፉ ሥር ብቅ አለች፣ ለካሜራው እጇን አውለበለበች። ያኔት ናት።

«እዚህ ጋ አዳምጫት» አለች ሀሴት፣ ድምፁን ከፍ እያደረገች።

ያኔት የቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ታስረዳለች። «ኢዮስያስ በስምንት ዓመቱ ነገሠ፣ ይኼኛው ደግሞ በአሥራ ሁለት። የልጅ ንጉሥ የትም አገር አለ።» የቀረጹት ሰዎች ሳቁ። ቀጥላ ወንዙ ከቦዩ የሚወጣበት ጋ ቆማ፣ ውኃውን እንዴት ከሥር እንዳሳለፉት በጣቷ አሳየች። የመስቀል ቤተ መቅደስ የሚባለው ጋ ሲደርሱም «መስቀል አይደለም፣ ዛፍ ነው፤ ኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው መስቀል ያሉት» አለች። ዋጋዬ ይህን የነገረቻት በራሷ ሶፋ ላይ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ሳለ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሏል ይኼ ነው።

«መምህር ናት እኮ» አለ እዩ። «ወቅቱንም የመረጠችው እሷ ናት። ውኃውን እዪው፣ እንዴት ሰማያዊ እንደሆነ። ሁለት ወር ብንሳሳት ጭቃ ነበር አለችን።»

ውኃው በእርግጥ ሰማያዊ ነበር። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው እየወረደ፣ ነጭ አረፋ እየለበሰ፣ በዛፎቹ መሐል ይሄዳል። ያኔት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ነክራለች። ዋጋዬ ያየችው ውኃውን ሳይሆን ፊቷን ነው፤ የሚጸጸት ሰው ፊት ይኖረው እንደሆነ ፈለገችበት። አልነበረውም። ደስ ብሏታል፣ በጣም ደስ ብሏታል።

«እኛ እኮ ትምጣ ብለን ለምነን ነበር» አለች ሀሴት፣ ብርቱካን እየላጠች። «ሐኪሙ ባይከለክልሽ ኖሮ...»

«እሱማ የጌታ ፈቃድ ነው» አለች ዋጋዬ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ጣዕሙ መረራት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ትራሙ ውስጥ የተናደደችው ስለ ሜክሲኮ አልነበረም። ሜክሲኮ የትም አይሄድም፤ ድንጋዩ ሺህ ዓመት ጠብቋል፣ ጥቂት ዓመት ቢጠብቅ ምንም አይለውም። ነገርን ነገር ያነሣዋልና አስራት ትዝ አላት።

አስራት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አንገቱን የሚደፋ። ከዓመታት በፊት ላግባሽ ብሎ ሰው ልኮባት ነበር። ዋጋዬ ወድዳው ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ለያኔት በስተቀር። ያኔትም ነገሩን ይዛ ሄደች፣ በሳምንቱ መጣች፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ «ሰላም አላገኘሁበትም» አለች። ዋጋዬ እሺ አለች። አስራት ዛሬ የሚኖረው ሴንት አልባንስ ሰፈር ነው፣ አግብቷል፣ ልጆች አሉት። አንዳንዴ ባቡር ጣቢያ ሲተያዩ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይላታል። እስከ ዛሬ ባየችው ቁጥር የምትጽናናው እግዚአብሔር ያውቃል በሚለው ነበር። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣባት። እግዚአብሔር ተጠይቆ ነበር ወይ? ትራሙ ከጣቢያዋ አሳልፏት ሄደ፤ አላወቀችም።

ረቡዕ ያኔት እንደ ወትሮዋ መጣች። ከቶሮንቶ ያመጣችውን የሜፕል ሽሮፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ዋጋዬን አቅፋ ሳመች፣ ስለ ብርዱና ስለ እህቷ ልጆች አወራች። ዋጋዬ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ለመጮኽ አስባ ነበር፤ ሲደርስ ግን ጩኸቱ አልመጣም።

«ከፏፏቴው ጀርባ ያለው ዋሻ ይበርዳል?» አለቻት።

ያኔት ኮቷን ልታወልቅ ስትል እጇ አንዱ እጅጌ ውስጥ ቀረ።

«ሀሴት ናት የነገረችሽ?»

«ሀሴት ስለ ጉልበቴ ነው የጠየቀችኝ።»

ያኔት ተቀመጠች። ኮቱ ባንድ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «እንዳልጎዳሽ ብዬ ነው» አለች። «ዋግዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ካንቺ ጋር ስሆን ቢሮ የማጸዳዋ ያኔት ነኝ። ሀሴትና እዩ እሷን አያውቋትም። አንቺ ደግሞ ታወሪያለሽ። ቫኪዩሙን፣ ሽንት ቤቱን፣ ያለቀስንበትን ቀን፣ ሁሉንም ለሁሉም ታወሪያለሽ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳያውቀኝ መሄድ ፈለግሁ። አትምጪብኝ ብዬ በፊትሽ መናገር አቃተኝ።»

«እና እሱን አናገርሽው።»

«ምን?»

«እግዚአብሔርን። አንቺ ማለት ያቃተሽን እሱ እንዲል አደረግሽው።»

ያኔት እንባዋ ወረደ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ዋጋዬ ይህን አልካደችም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈረሱ ቆሞ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ ግን ተረቱ አይናገርም።

«ጸልየሽ ነበር?» አለቻት ዋጋዬ።

«ስለ ጉዞው?» ያኔት ራሷን ነቀነቀች። «አልጸለይኩም። ጾሙንም ሁለተኛው ቀን ላይ ትቼዋለሁ። ይቅር በዪኝ።»

«እኔ በጉባኤ ፊት ምስክርነት ሰጥቻለሁ፣ ያኔት። ጌታ ጠበቀኝ ብዬ። ሰዉ እልል ብሏል።»

ያኔት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዋጋዬ እንዳታዝንላት ፈራች፤ ስታዝንላት የሚቀጥለውን መጠየቅ ታቆም ነበርና። ስለዚህ ቶሎ ጠየቀችው።

«ስለ አስራትስ? ያን ጊዜ ጸልየሽ ነበር?»

ያኔት እጇን ከፊቷ ላይ አነሣች። ግራ ገባት። «አስራት» አለች፣ ስሙን ከሩቅ እንደምታመጣ። ከዚያ አስታወሰች፤ ዋጋዬ ስታስታውስ አየቻት። ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። እየዋሸች አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ ያኔት እንዲህ የምር ስታስብ አይታት አታውቅም።

«አላስታውስም» አለች።

«አታስታውሺም?»

«እውነቴን ነው፣ ዋግዬ። ጸልዬም ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ፈተና ላይ ነበርኩ፣ ብዙ ነገር ነበረብኝ። አላስታውስም።»

ዋሸሁሽ ብትላት ዋጋዬ ትጠላት ነበር፤ መጥላትም አንድ ነገር ነው፣ ያሳርፋል። ጸልያለሁ ብትላት ደግሞ ቢያንስ ለማመን ትታገል ነበር። አላስታውስም የሚለው ግን የሚያዝበት የለውም። ዋጋዬ ቤትና ባል፣ ምናልባትም ልጆች፣ በዚያች ቃል ትታለች፤ የተናገረችው ሴት ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ አታስታውስም።

ያኔት እጇን ዘረጋች፣ እንደ ረቡዕ ሁሉ። «እንጸልይና እንተቃቀፍ» አለች።

«ሂጂ» አለቻት ዋጋዬ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሟት ነበር። «ሽሮፑንም ውሰጂው።»

ያኔት ኮቷን በእጇ ይዛ ወጣች። ሊፍቱ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ዋጋዬ በሩን ቆለፈች፣ ሶፋው አጠገብ ተንበረከከች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዛሬ ጀምሮ የራሷን ጥያቄ ራሷ ልትጠይቅ ቆርጣለች።

«ጌታ ሆይ» አለች፣ «አስራትን እምቢ ስል አንተ ነበርክ?»

ጠበቀች። ከታች የትራሙ ደወል ጮኸ፤ ከጎረቤት የሕፃን ሳቅ ተሰማ። መልስ ምን እንደሚመስል፣ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ሲመጣም በምን እንደሚታወቅ አታውቅም፤ አንድም ቀን ራሷ ሰምታ አታውቅምና። ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ጠበቀች። በመጨረሻ ዓይኗን ስትገልጥ ስልኩን በመዳፏ ጨብጣ አገኘችው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ያኔት ደውላ የተባለውን እንድትነግራት እየጠበቀች ነበር።